ብሬከሩ ሲወርድ ትልቅ ብሬከር አታስገቡ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የቆዩ ቤቶች የኤሌክትሪክ ፍተሻና እድሳት

«ምጣድ ስንጥድ ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረን። አሁን ያለው 16 አምፔር ነው። 32 ብናስገባ አይሻልም?»

ሰኞ ገበያም ሆነ ሆጤ፣ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ታች፣ ጥያቄው ይቺው ናት። መልሱ አጭር ነው፦ አይሻልም። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ግሎ ሳይጎዳ በፊት ይወርዳል። ሽቦውን እንደነበረ ትታችሁ ብሬከሩን ብቻ ካሳደጋችሁ፣ መውረዱ ይቀራል፤ መጋሉ ግን ይቀጥላል። የሚግለው ደግሞ ግድግዳ ውስጥ፣ ከማገሩና ጭድ ከገባበት ጭቃ ጋር ተጣብቆ ነው። አይታያችሁም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ጭነቱን መደመር፣ ከዚያ ሽቦውን መፈተሽ፣ ብሬከሩን ከሽቦው ጋር ማመጣጠን፣ በመጨረሻ ግራውንድ (የመሬት ሽቦ) እና አርሲዲ (ኮረንቲ ሲፈስ የሚቆርጥ መሣሪያ)። ገንዘቡ አንድ ላይ ካልሞላ በዚሁ ቅደም ተከተል በየተራ መሥራት ይቻላል።

የማን ሥራ ነው?

ማየት፣ ማሽተት፣ መደመርና መመዝገብ የእናንተ ነው። ሽቦ መሳብ፣ ብሬከር ሳጥን መክፈትና ግራውንድ መቅበር የባለሙያ ነው። ባለሙያ ስትጠሩ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምስክር ወረቀቱን ጠይቁ፤ የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም። ከወይዘሮ ስህን ፖሊቴክኒክ የወጣም ይሁን በልምድ የተማረ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አሳዩኝ ሲባል አይከፋውም። ይህን መመሪያ ይዛችሁ አጠገቡ ቁሙ።

ቤቱ የቀበሌ ወይም የኪራይ ከሆነ ግድግዳ ከመነካቱ በፊት ፈቃድ ያዙ።

ማስጠንቀቂያ

- መብራት ጠፍቷል ብላችሁ ሽቦ አትንኩ። በምን ሰዓት እንደሚመጣ የሚነግራችሁ የለም። ሁልጊዜ ዋናውን ብሬከር አጥፉ፣ ሌላ ሰው እንዳያበራው ወረቀት ለጥፉበት፣ ከዚያ በቴስተር አረጋግጡ። ቴስተሩ ራሱ እንደሚሠራ መጀመሪያ ኮረንቲ ባለበት ሶኬት ላይ ሞክሩት፤ የሞተ ቴስተር ሁሉን ነገር «ሰላም ነው» ይላል።
- ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ያለው መስመር የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ነው። የቆጣሪውን ፕሎምብ (ማኅተም) አትንኩ። በዚያ በኩል ችግር ካለ 905 ደውሉ።
- ዋናው ብሬከር ጠፍቶም ቢሆን ከቆጣሪው መጥቶ ከላይ የሚገባበት ሽቦ ላይ ኮረንቲ አለ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው።
- በእርጥብ እጅ፣ በባዶ እግር ወይም በእርጥብ ወለል ላይ ሆናችሁ አትሥሩ። ብቻችሁንም አትሁኑ።
- ኮረንቲ ሰው ከያዘ ሰውየውን በእጅ አትጎትቱት፤ እናንተንም ይይዛችኋል። ዋናውን አጥፉ። ካልደረሳችሁበት በደረቅ እንጨት ወይም በፕላስቲክ ወንበር ከሽቦው አላቁት። ተርፎ ቢነሣም ሐኪም ቤት ይሂድ፤ የልብ ምቱ በኋላ ሊዛባ ይችላል።
- የሚነድ ሶኬት ላይ ውሃ አትድፉ። ዋናውን አጥፍታችሁ በአሸዋ ወይም ዱቄት በሚረጭ የእሳት ማጥፊያ መሣሪያ አጥፉት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለፍተሻው፦ ቴስተር፣ ቢቻል መልቲሜትር፣ የእጅ ባትሪ፣ ደረቅ መሰላል (የእንጨት ቢሆን ይመረጣል)፣ ደብተርና እስክሪብቶ።

ለሥራው፦
- የመዳብ ሽቦ፦ ባለ 1.5፣ ባለ 2.5፣ ባለ 4፤ እንደ ቤቱ ባለ 6 እና ባለ 10 (ቁጥሩ የመዳቡ ስፋት በካሬ ሚሊሜትር ነው)
- አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው የግራውንድ ሽቦ
- የፕላስቲክ ኮንዲዩት (የሽቦ ቱቦ)፣ ክዳን ያለው ጃንክሽን ቦክስ፣ በብሎን የሚጠብቅ የሽቦ ማያያዣ
- ባለ 10፣ ባለ 16 እና ባለ 20 አምፔር ብሬከር፣ ከእነ ሳጥኑ
- 40 አምፔር፣ 30 ሚሊአምፔር የሚል አርሲዲ (ሱቅ ውስጥ ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከርም ይሉታል)
- መዳብ የለበሰ የግራውንድ ዘንግ፣ ርዝመቱ ከ1.5 ሜትር የማያንስ፣ ከእነ ማጥበቂያው
- ለምጣድ፣ ባለ 32 አምፔር ሁለቱንም መስመር የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ
- ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ

1. ቤቱ ስንት አምፔር እንደሚጠይቅ ደምሩ

በየዕቃው ጀርባ ላይ ዋት ተጽፏል። ዋቱን ለ220 (ለቮልቴጁ) አካፍሉት፤ አምፔሩ ይወጣል።

- ምጣድ፣ 3500 ዋት፦ 16 አምፔር
- ስቶቭ፣ 1500 ዋት፦ 7 አምፔር
- ውሃ ማፍያ፣ 1800 ዋት፦ 8 አምፔር
- ካውያ፣ 1200 ዋት፦ 5.5 አምፔር
- ፍሪጅ፣ 150 ዋት፦ ከ1 አምፔር በታች፤ ሲነሣ ግን ለአፍታ ብዙ ይስባል
- ቴሌቪዥንና የኤልኢዲ አምፖሎች በአንድ ላይ፦ 1 አምፔር ገደማ

እዚሁ የተሠራ ምጣድ ብዙ ጊዜ ዋት አይጻፍበትም። 3500 ብላችሁ ያዙት።

አሁን የበዓል ዋዜማን አስቡ። እንጀራ እየተጋገረ፣ ወጡ ስቶቭ ላይ፣ ለቡና ውሃ እየፈላ፦ 16 ሲደመር 7 ሲደመር 8፣ 31 አምፔር። የድሮ ቤት ላይ ይህ ሁሉ የሚመጣው አንዲት ባለ 2.5 ሽቦ ላይ ነው። ይቺ ሽቦ በግድግዳ ውስጥ በቱቦ ስትሄድ የምትችለው እንደ አቀማመጧ ከ20 እስከ 24 አምፔር ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ባለ 16 ብሬከር 17 አምፔር ሲያልፍበት ወዲያው አይወርድም። የብሬከር ደረጃው (ስታንዳርዱ) እንደሚለው፣ የተጻፈበትን 1.45 እጥፍ፣ ማለትም 23 አምፔር ገደማ ሲሸከም በአንድ ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት። አንድ ሰዓት! ስለዚህ ጋገራው ሊያልቅ ሲል «ያለ ምክንያት» የሚወርድ ብሬከር አልተበላሸም። ሥራውን እየሠራ ነው።

2. በዐይን፣ በአፍንጫና በእጅ ጀርባ ፈትሹ

ከጋገራ በኋላ የሶኬቱን ፕላስቲክ በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። የተሰነጠቀ ወይም የተከፈተ ከሆነ አትንኩት። ለብ ካለ ደኅና ነው። እጅ የማያስቆይ ከሆነ ውስጡ የላላ ብሎን ወይም የተቃጠለ ሽቦ አለ። የላላ ብሎን ሽቦውን ሙሉ በሙሉ አይነካውም፤ በጠባቡ መገናኛ ሁሉም አምፔር ሲያልፍ ይግላል፤ በጋለ ቁጥር የበለጠ ይላላል። ሶኬቱ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ካያችሁ ይሄ ጉዳይ ከጀመረ ቆይቷል።

ሽታው ደግሞ ሰውን ያሳስታል። አንዳንድ የሶኬት ፕላስቲክ ሲግል የሚሸተው እንደ ዓሣ ነው። ከሐይቅ ዓሣ ሳይመጣ ቤቱ ዓሣ ዓሣ ካለ ድመቱን አትጠርጥሩ፤ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ሂዱባቸው።

ምጣዱ ሲበራ አምፖሉ ከደበዘዘ ጎረቤት ጠይቁ። እነሱም ጋ ከደበዘዘ ችግሩ ከውጭ መስመር ነው። እናንተ ጋ ብቻ ከሆነ ሽቦው ቀጥኗል ወይም መገጣጠሚያው ላልቷል።

ቀጥሎ ዋናውን አጥፍታችሁ፣ በቀን ብርሃን፣ ኮርኒሱ በላይ ውጡ። የምትፈልጉት እነዚህን ነው፦

- ስታጎብጡት ፕላስቲኩ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚሰባበር ሽቦ፣ ወይም ጨርቅ የለበሰ የድሮ ሽቦ። ሁለቱም ያለ ድርድር ይቀየራሉ።
- አይጥ የበላው።
- በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎ የተተወ መገጣጠሚያ።
- ቆርቆሮውን የነካ ሽቦ፣ ወይም የኮርኒስ ሚስማር የወጋው።
- ዝናብ ያፈሰሰበት ምልክት። በበልግም በክረምትም የሚያፈስ ጣራ ካላችሁ መጀመሪያ ጣራው ይጠገን። አዲስ ሽቦ ከሚያፈስ ቆርቆሮ ስር መዘርጋት ብር መጣል ነው።

ቆርቆሮው፣ የብረት በሩ ወይም የውሃ መስመሩ ሰው ከነዘረ ፍተሻው እዚህ ላይ ይቁም። ዋናውን አጥፉ፣ ልጆችን አርቁ፣ ባለሙያ ጥሩ። ዋናው ጠፍቶም ከነዘረ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ 905።

3. ሽቦውን ለኩ

የትኛው ሽቦ ከየትኛው ብሬከር ጋር እንደሚሄድ ይኸው፦

- ለመብራት ባለ 1.5 ሽቦ፣ 10 አምፔር ብሬከር
- ለሶኬት ባለ 2.5 ሽቦ፣ 16 አምፔር
- ለምጣድ ባለ 4 ሽቦ፣ 20 አምፔር
- ውሃን ወዲያው ለሚያሞቅ ሻወር (5500 ዋት፣ 25 አምፔር) ባለ 6 ሽቦ፣ 32 አምፔር

ብሬከሩ ሁልጊዜ በሽቦው ልክ ነው። በመስመሩ ላይ በአንድ ቦታ እንኳ ቀጭን ሽቦ ከተቀጠለ፣ ብሬከሩ የሚመረጠው በቀጭኑ ነው።

ስትገዙ ጽሑፉን ብቻ አትመኑ። አንድ ወጥ የሆነ ባለ 1.5 መዳብ ውፍረቱ 1.38 ሚሊሜትር፣ ባለ 2.5 ደግሞ 1.78 ሚሊሜትር ነው። በካሊፐር ሲለካ ከዚህ ጎልቶ ካነሰ ተጭበርብራችኋል። ሌላም ማጭበርበሪያ አለ፦ ውስጡ አልሙኒየም፣ ላዩ መዳብ የተቀባ ሽቦ። በቢላዋ ጫፉን ፋቅ አድርጉት፤ ነጭ ከወጣ መልሱት። ጥቅሉን በእጅ ስታነሡትም ይቀላችኋል። ይህ ሽቦ ከእውነተኛው መዳብ ያነሰ ይሸከማል፣ ብሎን ስር ሲገባም ቶሎ ይላላል።

ኮምቦልቻ ላይ አንድ ጨምሩ። የሽቦ አቅም የሚሰላው 30 ዲግሪ ላይ ነው። በቀትር ከቆርቆሮ ስር ያለው ሙቀት 50 ዲግሪ ከደረሰ ተራው ፕላስቲክ ሽቦ የሚችለው ከአቅሙ 71 በመቶ ብቻ ነው። የምጣድ ሽቦ በኮርኒስ በላይ የሚያልፍ ከሆነ ባለ 6 ግዙ። ብሬከሩ ግን 20 ሆኖ ይቆያል። ደሴ ብርዱ ለዚህ እንኳ ይጠቅማል፤ ባለ 4 ይበቃል።

4. ለምጣዱ የራሱን መስመር ስጡት

ከሁሉ ሥራ አንዱን ብቻ ለመሥራት አቅም ካላችሁ ይህንን ሥሩ።

ሀ) ከብሬከር ሳጥኑ እስከ ማዕድ ቤት ያልተቀጠለ ባለ 4 ሽቦ ይሳብ፤ ፌዝ (ኮረንቲ የሚያመጣው)፣ ኒውትራል (የሚመልሰው) እና ግራውንድ። በመሃል ሌላ ሶኬት አይገናኝበት። ለምን? ምጣዱ ብቻውን 16 አምፔር ይወስዳል፤ ለሌላ የሚተርፍ የለም።

ለ) በ20 አምፔር ብሬከር ይያዝ።

ሐ) ምጣዱን በሶኬት አትሰኩት። ተራ ሶኬትና ስፒና መጨረሻ አቅማቸው 16 አምፔር ነው። ምጣድ ለሁለት ሰዓት ያህል በዚያ መጨረሻ ላይ ያቆያቸዋል። በዚያ ላይ ሲሰካ ሲነቀል ምላሱ ይላላል። ከግድግዳው ላይ ባለ 32 ማብሪያ ማጥፊያ ተገጥሞ፣ ከሱ በቀጥታ ሙቀት በሚችል ገመድ ወደ ምጣዱ ይሂድ።

መ) ማብሪያ ማጥፊያው ከምጣዱ በላይ አይሁን። እንፋሎቱም እሳቱም ወደ ላይ ነው የሚሄደው። በጎን፣ እጅ በሚደርስበት፣ ሊጥ በማይረጭበት ቦታ ይሁን።

ሠ) የምጣዱ ብረት አካል በግራውንድ ሽቦ ይታሰር። ሬዚስታንሱ (የሚግለው ሽቦ) የተቀበረው ሸክላው ስር ነው። ሸክላው ከተሰነጠቀ ሊጥና ውሃ ወደ ሬዚስታንሱ ይወርዳል፤ ኮረንቲው በዚያው እርጥበት ወደ ብረቱ ይወጣል። «ምጣዱ ነዘረኝ» የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው። የተሰነጠቀ ምጣድ አይጋገርበትም። ማሰሻ ስትይዙም፣ በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርጉም መጀመሪያ አጥፉት።

5. ብሬከር ሳጥኑን አስተካክሉ

የሸክላ ፊውዝ ያለበት ቤት ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ችግሩ ፊውዙ ራሱ አይደለም፤ በተቃጠለ ቁጥር ማንም ሰው ያገኘውን ሽቦ ጠቅልሎ ስለሚያስገባበት ነው።

አዲሱ ሳጥን ቢያንስ አራት መስመር ይኑረው፦ መብራት፣ የሳሎንና የመኝታ ሶኬት፣ የማዕድ ቤት ሶኬት፣ ምጣድ። መብራት ከሶኬት የሚለይበት ምክንያት ቀላል ነው። ሶኬቱ ሾርት ሲያደርግ በጨለማ ውስጥ አትደናበሩም።

ዋናው ብሬከር 40 ከሆነ ከቆጣሪው እስከ ሳጥኑ ያለው ሽቦ ባለ 10 ይሁን። በተራ ቁጥር 1 ላይ የተዘረዘሩት ዕቃዎች ሁሉ ቢደመሩ 39 አምፔር ገደማ ይመጣሉ። ይህ የሚሆነው አንድ ላይ ከበሩ ነው። ምጣድ ሲበራ ካውያ እንዳይሰካ ከተስማማችሁ ትልቅ ኃይል ማስፈቀድ ሳያስፈልጋችሁ ትኖራላችሁ። ያ ካልበቃችሁ ለአገልግሎት መስጫ ማዕከሉ የኃይል ማሳደጊያ ጥያቄ ታቀርባላችሁ። ከቆጣሪው በፊት ራሳችሁ የምታሳድጉት ነገር የለም።

6. ግራውንድና አርሲዲ፦ ሁለቱም፣ አንድ ላይ

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ብዙ ቤት ግራውንድ አስቀብሮ «አሁን ሰላም ነን» ይላል። አይደለም።

ሒሳቡን እዩት። ጥሩ የሚባል ዘንግ ተቀብሮ ከአፈሩ ጋር ያለው ተቃውሞ 50 ኦም ሆነ እንበል። ፍሪጁ ውስጥ ፌዝ ብረቱን ነካ። ወደ መሬት የሚሄደው 220 ሲካፈል ለ50፣ 4.4 አምፔር ነው። ብሬከሩ 16 ነው፤ 4.4 አምፔር ለሱ የተለመደ ጭነት ነው። አይወርድም። የፍሪጁ ብረት ኮረንቲ ይዞ ይቆያል፤ በሩን የሚከፍት ልጅ ይጠብቃል።

አርሲዲ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው እኩል መሆኑን ያነጻጽራል። በ30 ሚሊአምፔር፣ ማለትም በ0.03 አምፔር፣ ከተለያዩ «የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው» ብሎ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ይቆርጣል። ሰውን የሚገድለው 0.1 አምፔር ከተራ ብሬከር ዐይን የማይገባ ነገር ነው፤ አርሲዲ ግን ያየዋል። ግራውንዱ ደግሞ ፍሳሹ በሰው ሳይሆን በሽቦ እንዲያልፍ ስለሚያደርግ፣ አርሲዲው ማንም ሳይነካው በፊት ይወርዳል።

አሠራሩ፦

ሀ) ዘንጉ የሚቀበርበትን ቦታ ምረጡ። ልብስ የሚታጠብበት ውሃ የሚፈስበት፣ ዓመቱን ሙሉ እርጥበት የሚይዝ ጥግ ይመረጣል። ደረቅ አፈር ኮረንቲ በደንብ አያሳልፍም።

ለ) ቀጥ አድርጋችሁ ሙሉ በሙሉ ምቱት። የደሴ ተዳፋት ላይ ድንጋይ ያስቸግራል፤ ግማሽ ሜትር ገብቶ እምቢ ይላል። ቆርጦ መተው አይሠራም። ሰያፍ አድርጉት ወይም ቦታ ቀይሩ። አንዱ ካልበቃ ሁለተኛ ዘንግ ይጨመር፤ በመካከላቸው ቢያንስ የአንዱን ዘንግ ርዝመት ያህል ርቀት ይኑር።

ሐ) ሽቦው በማጥበቂያ ይያዝ፤ ተጠምጥሞ አይተው። መገናኛውን ለማየትና ለመለካት የሚከፈት ትንሽ ጉድጓድ ከእነ ክዳኑ አስቀሩ።

መ) የግራውንድ ሽቦው ወደ ሳጥኑ ይግባ፤ ከዚያ ወደ ሁሉም ሶኬትና ወደ ምጣዱ ይሂድ።

ሠ) አርሲዲው ከዋናው ብሬከር ቀጥሎ ይገጠም፤ ፌዙም ኒውትራሉም በሱ ውስጥ ይለፉ። ከሱ በኋላ ኒውትራልና ግራውንድ በየትም ቦታ አይገናኙ። ከተገናኙ አርሲዲው እየወረደ አያስቀምጣችሁም።

አርሲዲ ከተገጠመ በኋላ ቶሎ ቶሎ የሚወርድ ከሆነ «ይሄ ዕቃ አይረባም» ተብሎ እንዲነቀል አትፍቀዱ። ሁሉንም ዕቃ ንቀሉ፣ አንድ በአንድ መልሱ። የትኛው ሲሰካ እንደወረደ እዩ። በኔ ግምት መጀመሪያ የሚያዘው ምጣዱ ነው።

7. በጭቃ ግድግዳና በኮርኒስ ላይ ሽቦ መዘርጋት

ሽቦ በቀጥታ ጭቃ ውስጥ አይለሰንም። ጭቃው እርጥበት ይይዛል፤ ነገ ለመቀየር ስትፈልጉም ግድግዳ መፍረስ አለበት። ኮንዲዩት ውስጥ ይግባ። ግድግዳውን መቆፈር ካሰጋችሁ ኮንዲዩቱን ከላይ አስሄዱት። አያምርም ይባላል፤ እኔ ግን በአሮጌ ጭቃ ቤት ላይ የምመርጠው እሱን ነው። ይታያል፣ ሚስማር የሚመታበት አይኖርም፣ ማገሩ አይቆረጥም።

ከሶኬት ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይውጣ፤ በሰያፍ አይሂድ። መገጣጠሚያ ሁሉ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ፣ በብሎን ማያያዣ ይሁን። ኮርኒስ በላይ ሽቦው ከቆርቆሮው ርቆ በእንጨቱ ላይ ይያዝ።

8. ሰርቪስ ቤት፣ ሻወርና ግቢ

ለተከራይ የሚሄደው መስመር ብዙ ጊዜ ከሳሎን ሶኬት ተቀጥሎ በልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ቀጭን ገመድ ነው። የልብስ ማስጫ ሽቦ ብረት ነው። ገመዱ ሲላጥ እርጥብ ልብስ የሚያሰጣው ሰው ይያዛል። ለሰርቪስ ቤቱ የራሱ ብሬከርና የራሱ ሽቦ ይሰጠው። በመሬት ከሄደ በኮንዲዩት ውስጥ፣ ዶማ በማያገኘው ጥልቀት ይቀበር።

ሻወር ቤት ውስጥ ሶኬት አይገጠም። የማሞቂያው ማጥፊያ ከክፍሉ ውጭ ይሁን።

9. ከመዘጋቱና ከመከፈሉ በፊት አስፈትሹ

ቀሪውን ክፍያ ከዚህ በኋላ ስጡ።

- ዕቃ ሁሉ ተነቅሎ፣ አምፖል ወጥቶ፣ በሜገር (የሽቦ ልባስ መለኪያ) በ500 ቮልት ይለካ። በየመስመሩ ከ1 ሜጋ ኦም በላይ መሆን አለበት። ካነሰ የሆነ ቦታ ሽቦው ተልጧል ወይም ርሷል።
- ማብሪያ ማጥፊያው ጠፍቶ ሳለ የአምፖል መያዣው ላይ ቴስተር ይሞከር። ካበራ ማጥፊያው የተገጠመው ኒውትራሉ ላይ ነው፤ ይስተካከል። አምፖል ጠፍቶም ይነዝራል።
- የአርሲዲው መሞከሪያ ቁልፍ ይጫን፤ ወዲያው ይውረድ።
- አንድ ሙሉ ጋገራ ይጋገር። ከዚያ ብሬከሩና የምጣዱ ማጥፊያ በእጅ ጀርባ ይነካ።

ከአንድ ወር በኋላ ዋናው ጠፍቶ የሳጥኑ ብሎኖች እንደገና ይጥበቁ። አዲስ ሽቦ በሙቀት እየተነፋና እየተጨማተረ ብሎኑን ያላላዋል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ሶኬቱ ግራውንድ ስለሌለው ኒውትራሉን ከግራውንድ ምላሱ ጋር ማገናኘት። ኒውትራሉ በሆነ ቦታ ሲቆረጥ ቤቱ ውስጥ ያለ ብረት ሁሉ ኮረንቲ ይይዛል። ከዝርዝሩ ሁሉ እጅግ አደገኛው ይህ ነው።
- ምጣድ ወይም ስቶቭ ዲቫይደር ላይ መሰካት። ዲቫይደር ለቴሌቪዥንና ለስልክ ነው።
- ግራውንድን የቧንቧ መስመር ላይ ማሰር። መስመሩ ከፊሉ በፕላስቲክ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ኮረንቲው ወደ መሬት ሳይሆን ወደ ሻወራችሁ ይሄዳል።
- መዳብና አልሙኒየም ጠምዝዞ መቀጠል። በእርጥበት ይዝጋሉ፣ ይግላሉ።
- ጄኔሬተርን በሶኬት ወደ ቤት ማስገባት። ኮረንቲው በቆጣሪው ወጥቶ ምሰሶ ላይ የሚሠራውን ሰው ያገኘዋል። ቼንጅኦቨር (ቤቱን ከውጭ መስመሩ ለይቶ ወደ ጄኔሬተሩ የሚያዞር ማብሪያ) ይገጠም።
- «ስታብላይዘር አለኝ» ብሎ ሽቦውን መርሳት። ስታብላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ ሽቦ አያወፍርም።

መብራት ሲመለስ ዕቃ ስለሚቃጠልባቸው ሰዎችም አንድ ቃል። የውጭ መስመሩ ኒውትራል ከተቆረጠ 220 መሆን የነበረበት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ብሬከርም አርሲዲም ከዚህ አያድንም። ፍሪጅና ቴሌቪዥን ላይ የቮልቴጅ መከላከያ ግጠሙ፤ አምፖሉ ከወትሮው ነጭ ብሎ ከደመቀ ግን ዋናውን ለማጥፋት አታመንቱ። በክረምት ጦሳ ላይ መብረቅ ሲጀምር ደግሞ ንቀሉ።

ሥራው ካለቀ በኋላ

በብሬከር ሳጥኑ በር ውስጠኛ ክፍል ላይ ወረቀት ለጥፉ። የትኛው ብሬከር የቱን ክፍል እንደሚይዝ፣ የሽቦው ቁጥር ስንት እንደሆነና የተሠራበት ቀን ይጻፍበት። ከሁለት ዓመት በኋላ «32 እናስገባ» የሚል ሰው ሲመጣ «ይህ መስመር ባለ 2.5 ነው» የሚለውን ያነብባል።

የአርሲዲውን መሞከሪያ ቁልፍ በወር አንዴ ተጫኑት፤ የቤት ኪራይ ወይም የካርድ መሙያ ቀን ላይ ብታደርጉት አይረሳም። ተጭናችሁት ካልወረደ የዚያኑ ቀን ይቀየር፤ እስኪቀየር ምጣድና ሻወር አይበራም።